የማይሰበሰቡት ግዙፋን፦ የፖኬሞን ጥንታዊ አፈ ታሪክ ከየት መጣ?

በ1999 በጃፓን ሲኒማ ቤቶች የታየው ሁለተኛው የፖኬሞን ፊልም የሚያበቃው በአንድ ብቸኛ ሰው ነው። ሰውዬው ባለጸጋ ነው፤ በሰማይ የምትንሳፈፍ ግዙፍ መርከብ ነበረችው፤ ሥራው ብርቅ ነገሮችን መሰብሰብ ነው። የእሳትን፣ የበረዶንና የመብረቅን ኃይል የያዙ ሦስት ታላላቅ አዕዋፍን አንድ በአንድ አጥምዶ በእነርሱ አማካይነት የባሕሩን ጌታ ሉጊያን ሊይዝ አሰበ። የመጀመሪያዋ ወፍ በተያዘች ጊዜ የዓለም ሚዛን ተዛባ፤ የባሕር ሞገድ አቅጣጫውን ሳተ፤ በሞቃት ደሴቶች ላይ በረዶ ወረደ። ጥፋቱ ከተገታ በኋላ ሰብሳቢው ከመርከቡ ስብርባሪ መካከል ተቀምጦ አንዲት አሮጌ ካርድ ያነሣል። ስብስቡ የተጀመረው በዚህች ካርድ ነበር፤ አሁንም እንደገና ከእርሷ እንደሚጀምር ለራሱ ይናገራል።

ፊልሙን ለማየት ከሄዱት ልጆች ብዙዎቹ ከሲኒማ ቤቱ የወጡት ይህችኑ ካርድ በእጃቸው ይዘው ነው። ሰብሳቢውን የሚወቅሰው ታሪክ ለተመልካቹ የመሰብሰቢያውን የመጀመሪያ ካርድ አደለ።

ነገሩን የነጋዴ ብልጠት ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ጥያቄ ያለበት ይመስለኛል። ፖኬሞን በአሜሪካ ሲሸጥ መፈክሩ ልጆች ሁሉንም ፍጡራን እንዲይዙ የሚጠራ ነበር። ይሁንና በአኒሜሽን ተከታታይ ፊልሙ ውስጥ ፍጡሩ እጅግ ግዙፍ፣ ታሪኩም እጅግ ጥንታዊ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ትእዛዙ ይገለበጣል፤ «ይህን አትንካ» ይባላል። በመሰብሰብ ላይ የቆመ ታሪክ ስለ ምን የማይሰበሰብ ነገር አስፈለገው? መልሱን የማገኘው ከመዝናኛ ኢንዱስትሪው ይልቅ በጃፓን የአደጋ ታሪክና አፈ ታሪክን በመመዝገብ ባህሏ ውስጥ ነው። በመጨረሻም ጉዳዩ በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ ወደ ተረፈ አንድ መጽሐፍ ያደርሰናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጉሙ ውስጥ የመጣው ጥሪ

ተከታታይ ፊልሙ በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ሚያዝያ 1 ቀን 1997 ነው። ገና በ13ኛው ክፍል ላይ ከሌሎቹ ክፍሎች ለየት ያለ ታሪክ እናገኛለን። በባሕር ዳር በሚገኝ የመርከቦች መብራት ማማ ውስጥ አንድ ተመራማሪ ብቻውን ይኖራል። ማታ ማታ ከባሕሩ ወዲያ የአንድ ፍጡር ድምፅ ይሰማል፤ ፍጡሩ ምናልባት ከወገኖቹ ብቻውን የቀረ፣ ጓደኛ የሚፈልግ ነው። ተመራማሪው ድምፁን ቀድቶ መልሶ ያሰማዋል። ከጉሙ ውስጥ ከማማው የሚስተካከል ግዙፍ ፍጡር ብቅ ይላል። ሁለቱ ሊገናኙ ጥቂት ሲቀራቸው ፍጡሩን ሊይዙ ያደቡ ሌቦች ይተኩሱበታል፤ ግዙፉም ማማውን ሰብሮ ወደ መጣበት ጥልቅ ይመለሳል። ማንም አልያዘውም፤ ስሙን እንኳ በእርግጠኝነት የጠራው የለም።

የዚህ ትዕይንት ዘር ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስደናል። አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ በ1951 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ የመብራት ማማ የጉም ጥሩምባ ይነፋል፤ ከባሕር ወለል ያለ፣ ከዘሩ ብቻውን የተረፈ ጥንታዊ ፍጡር ድምፁን የወገኑ ጥሪ መስሎት ይመጣል፤ ጥሩምባው ሲዘጋበትም በሐዘንና በቁጣ ማማውን ያፈርሰዋል። ማማው፣ ጉሙ፣ ጥሪውና ብቸኝነቱ አንድ ናቸው። ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘው የአሜሪካ ፊልም በ1953 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በቶኪዮ የጎድዚላ ፊልም ሲታቀድ የመጀመሪያው የሥራ ርእስ ከባሕር ጥልቅ ስለ መጣ ግዙፍ ጭራቅ የሚናገር፣ የአሜሪካውን ፊልም ስም የሚያስታውስ ነበር።

ጃፓኖች ግን የተዋሱትን ቅርጽ በራሳቸው ሐዘን ሞሉት። መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። ከአደጋ ቀጠናው ውጭ ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ 23 ጃፓናውያን የራዲዮአክቲቭ አመድ ዘነበባቸው፤ የመርከባቸው ስም «ዕድለኛው ዘንዶ ቁጥር 5» የሚል ነበር። የሬዲዮ ሠራተኛው በመስከረም ወር ሞተ። ጎድዚላ ኅዳር 3 ቀን በዚያው ዓመት ለሕዝብ ታየ።

በፊልሙ ውስጥ ለጉዳያችን የሚበጁ ሁለት ትዕይንቶች አሉ። የመጀመሪያው የሚፈጸመው በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ የጭራቁን ስም ከአባቶቹ ያውቀዋል፤ ዓሣ በጠፋበት ዘመን ልጃገረዶች ለእርሱ ይሰጡ እንደ ነበር፣ አሁን የቀረው ጭፈራው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ወጣቶቹ ይስቁበታል። ሁለተኛው በፓርላማ ኮሚቴ ውስጥ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል የጭራቁ መገኘት የውጭ ግንኙነትን ስለሚጎዳ በምስጢር ይያዝ ይላል፤ ሴት ተመራጮች ተነሥተው እውነቱ ለሕዝብ ይነገር ብለው ይጮኻሉ። ደሴቲቱ በጭፈራ ያቆየችውን እውቀት ዋና ከተማዋ የምትረዳው ከተቃጠለች በኋላ ነው።

ከ45 ዓመት በኋላ የታየው የሉጊያ ፊልም ይህንኑ መዋቅር ይደግመዋል። የደሴቲቱ ሰዎች አዕዋፉን ስለሚያከብሩበት ትንቢት በየጊዜው በዓል ያደርጋሉ፤ በበዓሉ ላይ ዜማውን የምትጫወተው ወጣት ግን ነገሩን የአሮጌዎች ወግ አድርጋ ስለምታየው ትሰለቻለች። ጥፋቱ ሲመጣ ዓለምን ወደ ሚዛኗ የሚመልሰው ይኸው የተሰለቸ ዜማ ሆኖ ይገኛል።

ጭራቆችን የመመዝገብ ባህል

ይህ የታሪኩ አንድ ወገን ነው። ሌላው ወገን መሰብሰቡ ራሱ ነው፤ እርሱም የራሱ የዘር ሐረግ አለው።

የፖኬሞን ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በ1965 ተወልዶ ያደገው ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ማቺዳ ነው። በልጅነቱ ኩሬና እርሻ የነበረው አካባቢ ዓይኑ እያየ በመኪና መንገድና በሕንፃ ተሸፈነ። ነፍሳትን እየያዘ ማጥናት የሚወደው ልጅ ሲያድግ፣ ይህ ደስታ ለከተማ ልጆች መቋረጡን አሰበ። ሁለት የጨዋታ መሣሪያዎችን የሚያገናኘውን ገመድ ባየ ጊዜ ነፍሳት በገመዱ ላይ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሲሄዱ ታየው። ከዚህም ጋር በ1967 የታየው «ኡልትራሰቨን» የተሰኘ የቴሌቪዥን ፊልም ትዝታ ነበረው፤ የዚያ ፊልም ጀግና ጭራቆችን በትናንሽ ካፕሱሎች ይዞ ይዞር ነበር። «ኡልትራሰቨን»ን የሠራው ድርጅት መሥራች የጎድዚላን ትዕይንቶች ያቀናበረው ኤይጂ ሱቡራያ ነው። በዚህ መንገድ ቶኪዮን የረገጠው ግዙፍ ከ13 ዓመት በኋላ ኪስ ውስጥ ገባ። የታጂሪ ጨዋታ የካቲት 27 ቀን 1996 በ151 ፍጡራን ሲወጣም ስሙ «የኪስ ጭራቆች» የሚል ነበር።

ይሁን እንጂ ልጆቹ ፍጡራኑን የሚሰበስቡበት ምክንያት በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። አንድ ሸምገል ያለ ምሁር ለልጆቹ መዝገብ ይሰጣቸዋል፤ ተልእኮው መዝገቡን መሙላት ነው። ስም፣ መልክ፣ ጠባይ፣ መኖሪያ። ይህ አሠራር በጃፓን ጥንታዊ ነው። ሠዓሊው ቶሪያማ ሴኪየን በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ በየገጹ አንድ አንድ የአፈ ታሪክ ፍጡር ሥሎ ስሙን ጻፈበት፤ ቀጥሎም ሌሎች ቅጾችን አወጣ። ከየመንደሩ ጨለማ ውስጥ ስም ብቻ የነበራቸው ፍጡራን መልክ አገኙ፤ በእንጨት ቅርጽ ኅትመትም ለሚገዛ ሁሉ ተሠራጩ።

በመካከል ይህ ባህል ሊቋረጥ ደርሶ ነበር። ከ1868 በኋላ የመጣው የሜይጂ መንግሥት አገሪቱን በምዕራባውያን ሳይንስ ለመቅረጽ ሲነሣ የጭራቅ ታሪክ የኋላ ቀርነት ምልክት ተባለ። ፈላስፋው ኢኖዌ ኤንሪዮ ከአገር አገር እየዞረ የሕዝቡን አጉል እምነት ለመንቀል ያስተምር ነበር። ነገር ግን ለመንቀል ሲል መመዝገብ ነበረበት፤ የጻፋቸው ዳጎስ ያሉ ጥናቶች ሊያጠፋቸው የፈለጋቸውን ታሪኮች አቆዩ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ኩኒዮ ያናጊታ የእርሻና ንግድ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን ነበር። የገጠር ችግርን ሊያጠና በየአውራጃው ሲዘዋወር ገበሬው የሚፈራውንና የሚያስታውሰውን ሳያውቁ ስለ እርሱ ፖሊሲ መቅረጽ ከንቱ መሆኑን ተረዳ። በ1910 ከሰሜን ጃፓን ከቶኖ አካባቢ የሰማቸውን 119 ታሪኮች በ350 ቅጂ አሳተመ። ከመካከላቸው አንዱ ሚስቱንና ልጁን በባሕር ማዕበል ያጣ ሰው በጨረቃ ሌሊት የሚስቱን መንፈስ በባሕር ዳር እንዳየ የሚናገር ነው። ማዕበሉ በ1896 በእርግጥ የደረሰ፣ ወደ 22 ሺህ ሰው የፈጀ ነው። መንግሥት ሙታኑን ቆጥሯቸው ነበር፤ የአንዱን ሰው ሐዘን የያዘው ግን ተረቱ ነው።

ከጦርነቱ ግራ እጁን አጥቶ የተመለሰው ሠዓሊ ሺገሩ ሚዙኪ ደግሞ እነዚሁኑ ፍጡራን በሥዕላዊ ልብ ወለድና ከ1968 ጀምሮ በአኒሜሽን ለልጆች አደረሳቸው። የታጂሪ ትውልድ ያደገው በዚህ ሁሉ ውስጥ ነው። ሴኪየን፣ ኤንሪዮ፣ ያናጊታና ሚዙኪ ሁሉም ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ከሰበሰቡበት ቦታ ግን ምንም አላጎደሉም። መዝግበው መለሱ እንጂ ወስደው አልቆለፉም።

አምባዛውና ድንጋዩ

በኅዳር 1855 የዛሬዋ ቶኪዮ፣ የያኔዋ ኤዶ፣ በርእደ መሬት ተመታች፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በከተማዋ ገበያዎች ያለ ፈቃድ የታተሙ ሥዕሎች ተቸበቸቡ። ሥዕሎቹ ግዙፍ አምባዛ ያሳያሉ። በጃፓን አፈ ታሪክ ምድርን የሚያናውጠው ከመሬት በታች የሚኖር ይህ ዓሣ ነው፤ በካሺማ ቤተ መቅደስ ያለው አምላክ በታላቅ ድንጋይ ተጭኖት ይኖራል። ርእደ መሬቱ በደረሰበት ወር ግን እንደ ትውፊቱ አማልክት ሁሉ ለጉባኤ ወደ ሌላ አውራጃ ሄደው ነበርና ጠባቂው በቦታው አልነበረም።

ሥዕሎቹን አስደናቂ የሚያደርጋቸው ፖለቲካቸው ነው። በአንዳንዶቹ ሕዝቡ አምባዛውን ሲደበድብ ይታያል። በሌሎቹ ግን አናጢዎችና ግንበኞች አብረውት ይጠጣሉ፤ ከተማዋ ስትፈርስ ሥራ አግኝተዋልና። ሀብታም ነጋዴ ያከማቸውን ወርቅ ሲያስታውክ የሚያሳዩም አሉ። ጥበቃው የት ነበር፣ ከመልሶ ግንባታው ማን ተጠቀመ፣ ሀብቱስ ለማን ተከፋፈለ የሚሉ ጥያቄዎች በዓሣ ተመስለው ቀረቡ። መንግሥት ጉዳዩ ገብቶታል፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሥዕሎቹን አገደ።

ይህ አምባዛ አልጠፋም። በቶኪዮ ጎዳናዎች ላይ ትልቅ ርእደ መሬት ሲደርስ የሚዘጉትን መንገዶች በሚያመለክቱ ምልክቶች ላይ ሥዕሉ ይታያል። በፖኬሞንም በ2002 ከወጡት ፍጡራን አንዱ በስሙም በመልኩም ይኸው አምባዛ ሲሆን መግለጫው ርእደ መሬትን አስቀድሞ ያውቃል ይላል።

አፈ ታሪክ ሕይወት እንደሚያድን ለሚጠራጠር ሌላ ምስክር አለ። በኢዋቴ አውራጃ በአኔዮሺ መንደር ከ1933ቱ ማዕበል በኋላ የቆመ ድንጋይ ከዚህ ነጥብ በታች ቤት እንዳይሠራ ያስጠነቅቃል። መንደርተኞቹ ቃሉን ጠበቁ። በመጋቢት 2011 የመጣው ታላቅ ማዕበል ከድንጋዩ በታች ቆመ፤ ቤቶቹም ተረፉ። ተመሳሳይ ድንጋዮች በዚያ ጠረፍ በብዙ ቦታ አሉ፤ በብዙ ቦታም ተረስተው ከበታቻቸው ተሠርቶ ነበር። በልጆች ፊልም ውስጥ በደሴት ላይ የተቀረጸ ትንቢት ስናይ የተለመደ የተረት ጌጥ ይመስለናል። በጃፓን ግን ድንጋይ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የከተማ ፕላን ሰነድ ነው።

ሁለቱ ዕቅድ አውጪዎችና መጽሐፈ ሄኖክ

በኅዳር 2002 የወጣው ሦስተኛው የፖኬሞን ትውልድ በቅርጹ የኪዩሹ ደሴትን በተመሰለ ምድር ላይ ይካሄዳል፤ ኪዩሹ እሳተ ገሞራዎቹ ዛሬም የሚያጨሱባት ናት። በዚህ ታሪክ ሁለት ማኅበራት ይፋለማሉ። አንዱ የብስ እንዲሰፋ፣ ሌላው ባሕር እንዲሰፋ ይፈልጋል። ለዓላማቸው ሁለት ጥንታውያን ግዙፋንን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳሉ፤ ግራውዶን የብስን የሚገዛ፣ ካዮገር ባሕርን የሚገዛ ነው። ሁለቱ ሲነቁ አንዱ ድርቅ፣ ሌላው የማያባራ ዝናብ ያመጣል። ቀጥሎ በወጣው ጨዋታ የሚለያያቸው ሦስተኛው ሬይኳዛ ከሰማይ ይወርዳል። በተከታታይ ፊልሙም ሁለቱ ግዙፋን ሲፋለሙ የማኅበራቱ መሪዎች የለቀቁትን መቆጣጠር አቅቷቸው እናያለን።

እነዚህ መሪዎች ተራ ሌቦች አለመሆናቸው ሊጤን ይገባል። ሁለቱም ለዓለም የሚበጅ ዕቅድ አለን ይላሉ፤ አንዱ ለሰው መኖሪያ፣ ሌላው ለሕይወት ምንጭ ይከራከራል። ስሕተታቸው ከክፋት ይልቅ አንድን መልካም ነገር ያለ ተቃራኒው ማብዛት ነው። ባሕርን በአፈር እየሞላች ወደብና የአውሮፕላን ማረፊያ በሠራች አገር ይህ ተረት ለማን እንደ ተነገረ መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ በመጽሐፈ ሄኖክ ትምህርት ያደገ ሰው ቆም ማለቱ አይቀርም። በመጽሐፉ 60ኛ ምዕራፍ ሁለት ታላላቅ አራዊት በአንድ ቀን ይለያያሉ፤ ሴቲቱ ሌዋታን በባሕር ጥልቅ በውኃ ምንጮች ላይ፣ ወንዱ ብሔሞት ከገነት በስተ ምሥራቅ ባለ ምድረ በዳ እንዲኖሩ ይደረጋል። የኋለኛው የአይሁድ ትውፊት ደግሞ ዚዝ የተባለ ሦስተኛ ፍጡር በሰማይ ያስቀምጣል። የባሕር፣ የየብስና የሰማይ ግዙፋን ተመሳሳይነት ዓይን ውስጥ የሚገባ ነው። አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለቴ አይደለም። የሚገርመኝ ሐሳቡ ነው፤ ሄኖክ ስለ መግደልም ስለ መያዝም አይናገርም፤ የሰላሙ መሠረት መለየታቸው ነው። ሰው በመካከላቸው የሚኖረው ሁለቱም በየቦታቸው እስካሉ ድረስ ነው።

ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ የተገኙት ባለፈው ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር ዋሻዎች ነው። የመጽሐፉ ጉዞ ደግሞ ሁለቱን የመሰብሰብ መንገዶች ጎን ለጎን ያሳየናል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ሦስት ቅጂዎችን ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉም ወጣ፤ መጽሐፉ ግን ከኢትዮጵያ ገዳማትና ከሊቃውንቱ ጉባኤ አልጠፋም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት፣ የሄኖክ ቅጂዎችም ጭምር፣ ሌላ ታሪክ አላቸው። እነርሱ የሄዱበት ቦታ ባዶ ቀርቷል። ሁለቱም «ስብስብ» ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ የቶኖን ተረቶች የመዘገበውን ያናጊታን፣ ሌላው ባለ መርከቡን ሰው ይመስላል።

ንግዱ የጣሰው ድንበር

ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ። የአኒሜሽኑ ጀግና ሉጊያን አይይዘውም፤ ከእርሱ ጋር ይበርራል፣ ይሰናበተዋል። በጨዋታው ግን ማንኛውም ልጅ ሉጊያንም ግራውዶንንም ይዞ ኪሱ ሊከት ይችላል፤ ፈጽሞ የማይስት መያዣ ኳስም ተዘጋጅቶለታል። ለሉጊያ መልክና ጠባይ የሰጠው የፊልሙ ጸሐፊ ታኬሺ ሹዶ ስለ ሚዛንና ስለ ልክ ያስተማረውን፣ ገበያው እንደገና ወደ ዕቃ ለወጠው። አፈ ታሪኩ ያኖረው ድንበር በታሪኩ ውስጥ ጸና፤ በሱቁ ውስጥ ፈረሰ። የመክፈቻችን ካርድ ያለችው በዚህ ስንጥቅ ላይ ነው።

ውጭው ዓለም ሲቀበለውም ይህን ስንጥቅ ያየ ጥቂት ነው። በ2001 የሳዑዲ ዓረቢያ የሃይማኖት ባለ ሥልጣናት ፖኬሞንን ቁማር ያስተምራል፣ የጽዮናዊነት ምልክት አለበት ብለው ከለከሉት። በአሜሪካም አንዳንድ ሰባክያን ከአጋንንት ጋር አያያዙት። ከእኛም ወላጆች ይህን ስጋት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ከክሶቹ ሁሉ ለእውነቱ የቀረበው የቁማሩ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የልጁን ልብ የሚይዘው የጭራቁ መልክ ሳይሆን ሌላ ካርድ የመግዛት ጉጉት ነው።

ለፖሊሲ ሰዎች ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል አይደለም። የጃፓን መንግሥት የአእምሯዊ ንብረት መሠረታዊ ሕግን ያወጣው በ2002፣ የባህል ምርትን ወደ ውጭ የሚደግፈውን ፈንድ ያቋቋመው በ2013 ነው። ፖኬሞን በዚያን ጊዜ ዓለምን ዞሮ ጨርሶ ነበር። ተጽዕኖው የተገነባው አንድ ሠዓሊ በ1776፣ አንድ የሚኒስቴር ባለ ሥልጣን በ1910፣ አንድ አካል ጉዳተኛ የጦር ተመላሽ በ1960ዎቹ በሠሩት ዝግ ያለ ሥራ ነው። ከእነርሱ አንዱም ስለ ኤክስፖርት አላሰበም። የሜይጂ መንግሥት ተረቱን ሊያጠፋ ሞክሮ እንደ ነበር ስናስብ ደግሞ፣ መንግሥት ከዚህ ሀብት ጋር ያለው ግንኙነት ከአባትነት ይልቅ የዘገየ ወራሽነት ይመስላል። ስለ ባህል ዲፕሎማሲ በየጉባኤው ለምንናገር ይህ ቅደም ተከተል ሊያሳስበን ይገባል፤ ያልተመዘገበ ነገር ወደ ውጭ አይላክም፤ ለልጆች ያልተሰጠ ነገርም አይመዘገብም፤ ቢመዘገብም አንባቢ አያገኝም።

በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም፣ በዱባይም ሆነ በለንደን የእኛ ልጆች ግራውዶንና ካዮገር ለምን እንደ ተጣሉ በዝርዝር ያስረዱናል። ብሔሞትና ሌዋታን በየት በየት እንደ ተቀመጡ ግን አብዛኞቻችን አልነገርናቸውም። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም፤ የፖኬሞንም አይደለም። እንዲያውም መንገዱን አቅንቶልናል፤ ባሕርና የብስ ለምን ሊለያዩ እንደሚገባ አስቀድሞ የገባው ልጅ የሄኖክን ምዕራፍ ለመስማት ከእኛ ይልቅ የተዘጋጀ ነው።

በሉጊያ ፊልም መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ሁሉን የመሰብሰብ አቅም የነበረው፣ አሁን ማንበብ የማይችለው ጽሑፍ የሠፈረባትን ካርድ ይዞ ከስብርባሪ መካከል የተቀመጠው ሰው ነው። ሌላይቱ ምንም ያልሰበሰበች፣ ከእናቶቿ የተቀበለችውን ዜማ ግን ሳትወድም ቢሆን የተማረችው የደሴቷ ልጅ ናት። ዓለም በተናወጠ ጊዜ የተፈለገችው እርሷ ናት። የተፈለገችበትም ምክንያት ዜማውን ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ሰው ታግሦ ስላስጠናት ነው።